እኚህን የጂኦግራፊ መምህርት ጥሯቸው፣ አላህም እግዜርም ይስጥልን

ሰላም የደሴና የአካባቢው መምህራን። ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥተው የአየር ንብረት ለውጥን በየትምህርቱ እንዴት እንደምናስተምር ያሳዩንን የጂኦግራፊ መምህርት በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሜ አይጻፍ ስላሉ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ አገናኛችኋለሁ።

ከሳቸው በፊት ያየነውን እኛ ነን የምናውቀው። ስልጠና ተብለን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስላይድ ተነበበልን፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ስለ ሰሜን ዋልታ በረዶና ስለ ነጭ ድብ፣ ከዛ አበል ፈርመን ወጣን በቃ። ነገ ክላስ ስትገቡ ምን ትላላችሁ ያለን የለም። ሌላው መጥቶ ችግኝ አስተከለን፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ፣ ውሃ የሚያጠጣ ስላልተመደበ ጥር ላይ ሁሉም ደረቀ። ተማሪዎቹ "ቲቸር ታዲያ ለምን ተከልነው?" ሲሉኝ በጣም ነው የተቃጠልኩት።

እኚህ ሴት ግን መጀመሪያ የገለጡት የኛኑ መማሪያ መጽሐፍ ነው። የሒሳቡ መምህራችን "ፖርሽን አልሸፈንኩም፣ ልጆቹ ኢንትራንስ አለባቸው፣ ይሄን የት ልጨምረው?" ብሎ ሲከራከራቸው አልተቆጡም፣ የ9ኛ ክፍል ስታቲስቲክሱ ጋ ከፈቱና "ምንም አትጨምር፣ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይራቸው" ብለው የአካባቢያችንን ወርሃዊ ዝናብ ሰጡት። ያው ምዕራፍ ያው ፔሬድ። ፊዚክሱ የኤሌክትሪክ ምጣድን ከማገዶ ጋር አወዳደረ፣ ታሪኩ የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ድርቁንም መንግስታቱ የሰሩትንም አንድ ላይ አነሳ፣ ኬሚስትሪዎቹ ምን እንደሰሩ እኔ የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ አልገባኝም ግን ተማሪው ከላብራቶሪ አልወጣም ብሎ ነበር። እኔም ልጆቹ አያቶቻቸውን ስለ በልግ ጠይቀው ድርሰት እንዲጽፉ አደረግኩ።

አንድ ልጅ አለን፣ ከለጋምቦ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ድምጹን ሰምተነው የማናውቅ። "በልግ ሲቀር እናንተ ጋ ምን ይሆናል?" አሉት። ዝም አለ። ሌላ ሰው አልጠየቁም፣ አጠገቡ ዴስኩ ላይ ቁጭ ብለው ደብተራቸውን ከፍተው ጠበቁት። ልጁ ተነሳ፣ በ2007 በልጉ ሲቀር ገብሱ ሳይዘራ እንደቀረ፣ አባቱ መጀመሪያ በጎቹን ከዛ በሬውን እንደሸጡ በትንሽነቱ ያየውን አንድ በአንድ ተናገረ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። "ይሄን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፣ አስተማርከኝ" አሉት። ከዛ በኋላ ነው ወደ ሰሌዳው ሄደው የኤልኒኖን (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ሲሞቅ የዝናቡ ነገር የሚዛባበትን) ነገር፣ በ2008 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደፈለገ፣ ኤልኒኖ ራሱ ድሮም የነበረ የተፈጥሮ ነገር ሆኖ ሳለ የምድር ሙቀት መጨመሩ ግን ድርቁን እንዴት እንደሚያከብደው ያስረዱት። ልጁ አሁን በኔም ክላስ እጁን ያወጣል። ወላሂ ለዚህ ብቻ እንኳ እድሜ ይስጣቸው።

ዳይሬክተሮች እባካችሁ ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጀመር ጥሯቸው። ትራንስፖርታቸውን ሸፍኑ እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቁም። ጂኦግራፊና ባዮሎጂን ብቻ እንዳትልኩ፣ ሁሉም ዲፓርትመንት የየራሱን መጽሐፍ ይዞ ይገኝ። ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር ያላችሁ ሼር አድርጉት።