የእንጦጦ ቁልቁለት ፍሬን ይፈትናል

ከአዲስ አበባ ሳይርቁ በተራራ ብስክሌት ጫካ ለጫካ መንዳት ለሚፈልግ ቅርቡ እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ በአስፋልቱ እስከ እንጦጦ ማርያም፣ ከዚያ በጋራው አናት ላይ ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ በሚሄደው የእግር መንገድ። ከአምስት አራት እንሰጠዋለን። አንዱን ያስቀነሰው ቁልቁለቱ ነው።

ዳገቱ ከባድ ነው። አናቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ባይሞክረው ይሻላል። የፊት ማርሹ 32 ጥርስ የሆነ ብስክሌት የኋላው ትልቁ ማርሽ 46 ወይም 50 ጥርስ ቢኖረው እግር አይጎዳም። የኋላው ትልቁ ማርሽ 34 ከሆነ ከፊት 22 ያስፈልጋል፣ አለዚያ ገፍቶ መውጣት ነው።

ጫካው ውስጥ ሦስት ነገር ያስቸግራል። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ በደረቅ ቅጠል ስለሚሸፈን ፔዳል ይመታል። የተላጠው ቅርፊት እንደ ገመድ ረዥም ነውና የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ይጠመጠማል፤ ድምፁ ሲለወጥ ወዲያው ቆማችሁ በእጅ አውጡት። በጉልበት ካዞራችሁት መቀየሪያው የታሰረበት ብረት ይጣመማል፣ ካቴናውም ሊበጠስ ይችላል። ሦስተኛው የቀጋ እሾህ ነው፤ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያና ፖምፓ ያዙ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ጎማው 2.2 ኢንች ከሆነ፣ ፊት 26 ኋላ 30 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል። የተነፈሰው ካላማዳሪያ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ድንጋይና ቸርኬው መሃል ተቆንጥጧል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ፍሬንን ከላይ እስከ ታች ይዞ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፤ ሽታው ከመጣ ቆማችሁ አቀዝቅዙ። ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ነው የሚያዋጣው። የዲስክ ፍሬን ሸራ ከ1 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ከቤት ሳትወጡ ቀይሩት። እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች ደግሞ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፣ እነሱም በቀላሉ መዞር አይችሉም። ከኋላ ደርሶ ማስደንገጥ ነውር ነው፤ ከሩቅ «እናቴ፣ ብስክሌት ነው» በሉና ፍጥነት ቀንሱ።

ከሰኔ እስከ መስከረም አንመክርም። ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በሱሉልታ በኩል ያለው መረሬ፣ የሚጣበቀው ጥቁር አፈር፣ ደግሞ ጎማውና ሹካው መሃል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ያቆመዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጥ ነው፣ ጠዋቱ ብቻ ብርድ ነው።

ሙሉ ቀን ያለው ሰው መናገሻ ሱባን ይምረጥ። አምስት ከአምስት። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ይህ ደን ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ነው፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይታያሉ፣ ስለዚህ በቀስታ ንዱ። የጽድ ሥር መንገዱን አቋርጦ ይተኛል፤ እርጥብ ሲሆን ፍሬን ሳይዙ ቀጥ ብሎ መሻገር ነው፤ በሰያፍ መሄድ ይጥላል። ደኑ ውስጥ ጎሚስታ የለም፤ ውሃ 3 ሊትር ለአንድ ሰው ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የአካባቢውን ጸጥታም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አዲስ ዙር አትጀምሩ፤ በጽዱ ሥር ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል።