ኮሎኖስኮፒና ማስታገሻው፦ በባሕር ዳር አንድ የግል ክሊኒክ ያየሁት አገልግሎት

በቅርቡ በባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ስፔሻሊቲ ክሊኒክ የኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም የትልቁን አንጀት ውስጥ በካሜራ የማየት ምርመራ፣ ተደርጎልኛል። የምርመራውን አስፈላጊነት ሐኪሞች ስለሚናገሩት፣ እኔ የምጽፈው ታካሚውን አስቀድሞ ስለሚያስጨንቀው ጉዳይ፣ ስለ ሕመሙና ስለ ማስታገሻው ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለኝም የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም።

አንጀት በደንብ ካልጸዳ ሐኪሙ ውሃ ሲረጭና ሲመጥጥ ጊዜው ይረዝማል፤ ታካሚውም የዚያኑ ያህል ይጉላላል። የተሰጠኝ የታተመ ወረቀት ጥቁር ዳቦ እንዳልበላ ይከለክል እንጂ ዘወትር ስለምንበላው የጤፍ እንጀራ፣ ስለ ተልባና ስለ ሱፍ አንድም ቃል አልነበረውም። ደግነቱ ሲስተሯ በእስክሪብቶ እየጨመረች «ጋሼ፣ እንጀራውንና ጥራጥሬውን ይተዉት፤ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ካሻዎትም የጣና ዓሣ ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ይብሉ» አለችኝ። የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ሊነጋጋ ሲል እንድጠጣ መታዘዙም ተገቢ ነው፤ አንጀትን ይበልጥ ያጸዳል፣ ለመጠጣትም ይቀላል።

ሐኪሙ ምርመራው ያለ ማስታገሻ፣ በደም ሥር በሚሰጥ ማረጋጊያ ወይም በፕሮፖፎል ተኝቶ ሊደረግ እንደሚችል አስረዳኝ። ፕሮፖፎል በአንድ ደቂቃ ገደማ የሚያስተኛና ቶሎ የሚለቅ ቢሆንም አተነፋፈስን ሊያዳክም ስለሚችል፣ ክሊኒኩ የሰመመን ባለሙያ በሌለበት ቀን አይሰጥም፤ ይህን ጥንቃቄ ወድጄዋለሁ። እኔ የመረጥኩት ጭንቀትን የሚያበርደውን ሚዳዞላምና ሕመምን የሚያስታግሰውን ፔቲዲን ነው። ከመስጠታቸው በፊት ስለ ልቤ፣ ስለ አስም፣ ስለምወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ሌሊት አንኮራፋ እንደሆነ፣ አረቄ እጠጣ እንደሆነም ሳይቀር ጠይቀውኛል።

በግራ ጎኔ አስተኝተው ጉልበቴን ወደ ሆዴ እንድሰበስብ ካደረጉኝ በኋላ፣ በአፍንጫዬ ኦክስጅን፣ በጣቴ ላይ ደግሞ የኦክስጅን መጠን የሚለካውን መሣሪያ አደረጉልኝ። መድኃኒቱ በመጠን በመጠን፣ በመሐሉ እየታየ ነው የተሰጠኝ። አልተኛሁም፤ ድምፅ ይሰማኛል፣ ግን ግድ አይሰጠኝም። ካሜራው ያለበት ቱቦ አንጀቱ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ ከግራ የጎን አጥንቴ ሥር ኃይለኛ ቁርጠት ያዘኝ። ሐኪሙ መድኃኒት ለመጨመር አልተጣደፈም፤ ቱቦውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ አየሩን መጠጠ፣ ሲስተሯም ሆዴን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ ያዘችው፤ ቁርጠቱም ወዲያው ለቀቀኝ። ሕመሙ በአብዛኛው የሚመጣው አንጀቱ በአየር ሲነፋና ቱቦው ሲቆለመም ስለሆነ፣ ከማስታገሻው እኩል የባለሙያው እጅ ወሳኝ ነው። መለኪያው ዝቅ ባለ ጊዜም «ጋሼ፣ በረጅሙ ይተንፍሱልኝ» የሚል ድምፅ ከራስጌዬ አልተለየም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ክሊኒኩ አንጀትን የሚነፋው በተራ አየር በመሆኑ እስከ ማታ ሆዴ ተነፍቶ ቆየ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጠቀሙ ኖሮ በአንጀት ግድግዳ አልፎ በትንፋሽ ስለሚወጣ መነፋቱ ቶሎ ይቀል ነበር። ማገገሚያው በመጋረጃ የተለየ አንድ አልጋ ብቻ ስለሆነ ተረኛው ታካሚ ሲመጣ መድኃኒቱ ገና ሳይለቀኝ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሐኪሙም ውጤቱን የነገረኝ በዚያው ሰዓት ነበር። ሚዳዞላም ትዝታን እንደሚያደበዝዝ እያወቁ ለፈዘዘ ሰው በቃል መንገር ምን ይጠቅማል? አብሮኝ የመጣው የእህቴ ልጅ ባይሰማ ኖሮ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ለናሙና መላኩን እንኳ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ የሚሸኘውም ሰው ባጃጅ እስኪጠራ ውጭ የሚቆም ሳይሆን ሐኪሙ ሲናገር አጠገብ የሚቀመጥ ይሁን።

የማስታገሻው ሒሳብ ከምርመራው ተለይቶ እንደሚታሰብም የተነገረኝ ገንዘብ ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ለ24 ሰዓት መኪና እንዳልነዳና ምንም ሰነድ እንዳልፈርም የሚያሳስበውን ወረቀት በአንድ እጄ እንደያዝኩ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ብላ እስክሪብቶ አቀበለችኝ።