ኤምሲዩቡት ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ በኤንአርኤፍ52840 ላይ የተደረገ ግምገማ

ኤምሲዩቡት የተባለውን ክፍት ምንጭ ቡትሎደር (መሣሪያው ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራና ዋናውን ፕሮግራም የሚያስነሣ አነስተኛ ፕሮግራም) በውኃ ታንከሮች ላይ በተገጠሙ የመጠን መለኪያዎቻችን ውስጥ ማሠራት ከጀመርን ብዙ ወራት ተቆጥረዋል። መሣሪያዎቹ ኤንአርኤፍ52840 በተባለ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ይሠራሉ፤ ዋናው ፕሮግራም የተገነባው ዜፈር በተባለው የትንንሽ መሣሪያዎች ስርዓተ ክወና ላይ ሲሆን አዲስ ፈርምዌር (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) የሚደርሳቸው በብሉቱዝ ነው። ታንከሮቹ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ቡትሎደሩን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የተላከው ፈርምዌር ጉድለት ቢኖርበት መሣሪያው የሰው እጅ ሳይነካው ወደ ቀድሞው ሥራው ይመለሳል ወይ? እስካሁን ባየሁት ይመለሳል፤ ነገር ግን ግማሹን ኃላፊነት ለፕሮግራሙ ጸሐፊ ይተወዋል።

የቺፑ 1 ሜጋባይት ፍላሽ (ኃይል ቢጠፋም የማይደመሰስ ማኅደረ ትውስታ) በእኛ አከፋፈል ለቡትሎደሩ 48፣ ለሁለቱ የፕሮግራም ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 472፣ ለቅንብር መረጃ ደግሞ 32 ኪሎባይት ይደርሳቸዋል። አዲሱ ፈርምዌር በሁለተኛው ክፍል ሲከማች ነባሩ ሥራውን አያቋርጥም። መሣሪያው ዳግም ሲነሣ ቡትሎደሩ ዲጂታል ፊርማውን ያረጋግጥና የሁለቱን ክፍሎች ይዘት ገጽ በገጽ ያለዋውጣል፤ የደረሰበትንም ደረጃ በክፍሉ መጨረሻ ላይ ስለሚመዘግብ መሀል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ኃይሉን ሆን ብዬ በተለያየ ቅጽበት እየቆረጥሁ ፈትኜዋለሁ፤ ሁልጊዜም ተነሥቷል።

ለዚህ ደኅንነት የሚከፈለው ዋጋ ጊዜ ነው። በዚህ ቺፕ አንድን የ4 ኪሎባይት ገጽ መደምሰስ እስከ 85 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ገጾቹን በማንሸራተት የሚያለዋውጠው ስልት ለእያንዳንዱ ገጽ ሦስት ያህል ድምሰሳ ስለሚጠይቅ የ300 ኪሎባይት ፕሮግራም 20 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ዋችዶጉ (በየጊዜው ካልታደሰ መሣሪያውን ዳግም የሚያስነሣው ሰዓት ቆጣሪ) በሶፍትዌር ዳግም ማስነሣት ስለማይቆም፣ የጊዜ ገደቡ ከዚህ ካጠረ ቡትሎደሩ ራሱ እንዲያድሰው መዋቀር አለበት።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የማጽደቅ ሥርዓቱን ነው። አዲሱ ፕሮግራም መጀመሪያ በሙከራነት ይነሣል፤ ደኅና መሆኑን ራሱ በፍላሽ ላይ ካላጸደቀ በሚቀጥለው መነሣት ቡትሎደሩ አሮጌውን ይመልሳል። ብዙዎች ይህን የማጽደቂያ ትእዛዝ በፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ያስቀምጡታል፤ ያን ጊዜ ግን መነሣት ብቻ እንደ ጤንነት ስለሚቆጠር፣ ብሉቱዙ የማይሠራ ፈርምዌር እንኳ ጸድቆ ይቀራል፣ ሌላ ፈርምዌር መቀበያ መንገድም አይኖረውም። እኛ የምናጸድቀው ሴንሰሩ ትክክለኛ ንባብ ከሰጠና የብሉቱዝ ግንኙነት በተግባር ከተመሠረተ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሮግራሙ ቢደርቅ ዋችዶጉ ያስነሣዋል፣ ቡትሎደሩም ይመልሰዋል። ይህ እስካልተደረገ ድረስ መመለሻው አለ ማለት አይቻልም።

የማስነሻ ኮዱም ትኩረት ይሻል። ቡትሎደሩ ሥልጣኑን ሲያስረክብ ከፕሮግራሙ የቬክተር ሠንጠረዥ (በፕሮግራሙ መጀመሪያ ካለው የአድራሻዎች ዝርዝር) የመጀመሪያውን ቃል የስታክ (የጊዜያዊ መረጃ ማከማቻ) መነሻ አድርጎ ይወስድና ሁለተኛው ወደሚያመለክተው አድራሻ ይዘላል፤ የፕሮግራሙ ማስነሻ ኮድ ደግሞ የመነሻ ዋጋ ያላቸውን ተለዋዋጮች ከፍላሽ ወደ ራም (ወደ ጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ) ይገለብጣል፣ የቀሩትን ዜሮ ያደርጋል። ቡትሎደሩ የተጠቀመበት ሰዓት ቆጣሪ ወይም ዩአርት (የተከታታይ መረጃ መለዋወጫ) ኢንተራፕቱ፣ ማለትም ሥራን አቋርጦ ትኩረት የሚጠይቀው ምልክቱ፣ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይዘጋጅ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህን የሚያጸዳውን የቅንብር አማራጭ ማብራት ተገቢ ነው።

ከምርት በፊት ሊጣራ የሚገባው የፊርማው ቁልፍ ነው። ከምንጭ ኮዱ ጋር የሚመጣው የሙከራ ቁልፍ በይፋ ስለሚገኝ ማንም ሰው ሊፈርምበት ይችላል፤ አረጋጋጩ ቁልፍ በቡትሎደሩ ውስጥ የሚቀመጥ በመሆኑም በእኛ ዓይነት አሠራር መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ መለወጥ የሚቻለው በኬብል ብቻ ነው። ፍላሻቸው 64 ኪሎባይት ለሆነ ትንንሽ ቺፖች ሁለት ክፍል የሚጠይቀውን ይህን አሠራር አልመክርም፤ እንደ ኤንአርኤፍ52840 ሰፊ ቦታ ላለው ቺፕ ግን በሚቀጥለው ምርታችንም የምመርጠው ይህንኑ ነው።