የትራክተሬ ኩላንት ከ18 ወርና ከ1,100 ሰዓት ሥራ በኋላ

ትራክተሬ ናዝሬት የተገጣጠመ አሮጌ ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ነው። በቆጂ ዙሪያ የራሴን የስንዴና የገብስ መሬት አርስበታለሁ፤ ሲመቸኝም ለጎረቤት በሄክታር አከራየዋለሁ። ስለ ናፍጣና ስለ ዘይት ሲነሳ ሁላችንም አዋቂ ነን። ራዲያተር ላይ ስንደርስ ግን በኩላንት፣ ማለትም ሞተር ለማቀዝቀዝ በተሠራው ፈሳሽ፣ ፋንታ የጉድጓድ ውሃ በባልዲ ገልብጠን እንሄዳለን። እኔም ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት የብረት ቱቦ) እስኪበሳ ድረስ ለዓመታት እንደዚያው አደርግ ነበር።

ጉዱ የታወቀው በዘይቱ ነው። አንድ ጠዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ብስበው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ለብሶ ወጣ፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተፈቶ ካሚቻው ሲወጣ መካኒኩ በጨርቅ ጠረገና ወደ ፀሐይ አነሳው። በአንድ ጎኑ ላይ በመርፌ የተጠቀጠቀ ይመስላል፤ ከቀዳዳዎቹም በአንዷ ብርሃን ያልፋል። ዝገት ነው ብዬ ነበር፤ ዝገት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳኝ እሱ ነው። የዚህ ሞተር ካሚቻ በውጭ በኩል ውሃው በቀጥታ የሚነካው ዓይነት ነው። ፒስተኑ በመታው ቁጥር ይርገበገባል፤ ያኔ በውሃው ውስጥ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ብረቱ ላይ ሲሰባበሩ ይሸረሽሩታል። ናይትራይት የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት ኩላንት በካሚቻው ላይ ስስ ሽፋን እየሠራ ይህን ይከላከላል። ለቤት አውቶሞቢል ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ናይትራይት የለውም፤ መኪናው ስለማያስፈልገው ነው።

ሞተሩ ተጠግኖ ሲገጠም ኩላንት ልገዛ ሄድኩ፤ እዚያም ተሸወድኩ። «አረንጓዴው ለናፍጣ ነው» ብሎ አንድ ባለ ሱቅ የሸጠኝ ፈሳሽ በሦስተኛው ሳምንት የሻይ ቀለም ያዘ። ቀለም የነከሩት ውሃ ነበር ማለት ይቻላል። ለነገሩ እውነተኛው ኩላንትም ቢሆን ቀለሙ ምንም አይነግራችሁም፤ እያንዳንዱ አምራች የወደደውን ቀለም ይጨምርበታል፤ ሁሉን የሚገዛ አንድ ደንብ የለም።

ሁለተኛ ጊዜ የጀሪካኑን ጀርባ አንብቤ ገዛሁ። የፈለግሁት «ኤኤስቲኤም ዲ 6210» የሚለውን ጽሑፍ ነው፤ የከባድ ናፍጣ ሞተር ደረጃ ነው። «ዲ 3306» ብቻ የተጻፈበት ለቀላል መኪና ስለሆነ መልሼ አስቀመጥኩት። የምርቱን ስም የማልጠቅሰው ያው ድርጅት ሁለቱንም ዓይነት በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጥ ነው፤ ስሙን ይዛችሁ ብትሄዱ የማይሆነውን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

የገዛሁት ያልተበረዘውን ስለሆነ እኩል በእኩል በተጣራ ውሃ በረዝኩት። የጉድጓዳችን ውሃ ኖራ አለበት፤ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። የተጣራ ውሃ ነዳጅ ማደያ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ ይሸጣል፤ ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ አደራ። ከመሙላቴ በፊት ሦስት ጊዜ አጠብኩ። የራዲያተሩን ማፍሰሻ ብቻ መክፈት አይበቃም፤ በሞተሩ ጎን ያለውም ካልተከፈተ ብዙ አሮጌ ውሃ እዚያው ይቀራል። የእኔው ተደፍኖ ስለነበር በሽቦ ቆፍሬ ነው የከፈትኩት፤ መጀመሪያ የወጣው ጭቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። በቆጂ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሯጮቻችንን ያፈራው ስስ አየር ለራዲያተር አይመችም፤ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እዚህ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ጭነት ላይ ሲሆን ከዚያ ብዙም አይርቅም። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ ንጹሕ ውሃ የያዘ ትራክተር ዳገት ላይ ቢንተከተክ አይገርምም። እኩል የተበረዘ ኩላንት የመፍያውን ነጥብ ሰባት ስምንት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ እኔ ግን አብሬ ክዳኑንም ቀየርኩ። ድብልቁ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ የኅዳር ውርጫችን እዚያ አይደርስም። ቢሆንም ይበልጥ አላቀጥነውም፤ ካቀጠንኩት ናይትራይቱም አብሮ ይሳሳል።

ያልወደድኩት ነገርም አለ። ውሃ ሲሆን የማያፈስ አሮጌ ማኒኮቶ (የራዲያተር የጎማ ቱቦ) በኩላንት ያፈሳል፤ የተጋገረው ቆሻሻ ደፍኖት የነበረውን ስንጥቅ ኩላንቱ ያገኘዋል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ማኒኮቶና የውሃ ፖምፓውን ጎሚኒ ቀየርኩ። የናይትራይቱን መጠን የሚለካው ወረቀትም እዚህ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። በአውድማ ወቅት ደግሞ አንድ ቀን መርፌው ቀይ ውስጥ ገባና ኩላንቱን ረገምኩት፤ ለካስ የራዲያተሩ ፊት በገለባ ተደፍኖ ኖሯል።

አሮጌውን ፈሳሽ ስታፈሱ ሳፋ ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ። ጣፋጭ መርዝ ነው፤ የጎረቤቴ ጥጃ አፏን ልትሰድ ስትል ነው የደረስኩባት።

ከሁሉ የከበደኝ ሾፌሩን ማሳመን ነው። ሐምሌ ላይ ከወንዝ ቀድቶ ሲሞላ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ያው ውሃ አይደል እንዴ?»

ውሃውን አስፈሰስኩትና ያንን የተበሳ ካሚቻ ወደ ፀሐይ አንስቼ አሳየሁት። ዝም አለ፤ ያመነኝ አልመሰለኝም። የተበረዘ አምስት ሊትር ከመቀመጫው ኋላ አስሬለታለሁ። አልፎ አልፎ እያየሁት ነው፤ እስከ አሁን የጎደለው ሁለት ጣት ያህል ነው።