ፎንዱ ልትበሉ ስትወጡ፦ "እኔ ልክፈል" ከማለታችሁ በፊት ሂሳቡን አንብቡ

የጄኔቫ ልጆች፣ ዘመድ ልትጠይቁ ወደዚህ የምትመጡም፣ ይቺን አንብቡልኝ። የምግብ ቤቱን ስም አልጠራም። እንደሱ ያሉት ደግሞ ሐይቁ ዳር አንድ ሁለት ብቻ አይደሉም። በአንድ ማታ 424 ፍራንክ ከ60 ሳንቲም እንዴት እንደከፈልን ልንገራችሁና እናንተ ተጠንቀቁ።

የቅበላ እሑድ ነበር፣ የካቲት 8 ቀን 2018። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። አብሮ አደጌ ለስብሰባ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ሌላዋ ጓደኛችን እሷን ለማየት ከሚላን በባቡር ደረሰች። አራተኛው የሎዛኑ ወንድማችን ነው። እሱ ሙስሊም ነው፣ ረመዳንም የሚገባው በዚያው ሳምንት ነበር። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተያይዘው ነው የመጡት። ታዲያ ስዊዘርላንድ ተመጥቶ ቅበላ በምን ይያዛል? በቺዝ ነዋ። "ፎንዱ ላብላችሁ" አልኩ። ጥፋቱ ከኔ ይጀምራል።

ፎንዱ ቀምሳችሁ ለማታውቁ፣ የቀለጠ ቺዝ ነው። ወፍራም ድስት ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል፣ ቺዙ በነጭ ወይን እየተማሰለ ይቀልጣል፣ መጨረሻ ላይ ኪርሽ የሚሉት የቼሪ አረቄ ጠብ ይደረግበታል። ድስቱ ከነእሳቱ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጥና ሁሉም ዳቦውን በረጅም ሹካ ወግቶ እያጠቀሰ ይበላል። ተጋቢኖ እየተንተከተከ ሲመጣ አስቡት። ከአንድ ድስት መብላቱ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ደስ ይላል። ማጉረስ ግን አይሞከርም። አብሮ አደጌ ሞክራ የሚላኗን ከንፈር ለበለበቻት።

በሩ ላይ በጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ፣ በትልቁ "ፎንዱ 26 ፍራንክ" ይላል። ለጄኔቫ ደህና ዋጋ ነው። ገባን። ግድግዳው እንጨት፣ ጣሪያው ላይ የላም ቃጭል፣ መጋረጃው ቀይና ነጭ። አስተናጋጁ ሳቂታ ነው። ሜኑውን ገና ሳንገልጠው "ለአራታችሁ የቤቱን ስፔሻል ላምጣላችሁ?" አለ። እኔ በእንግዳ ፊት "ስፔሻሉ ስንት ነው?" ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። "ይሁን" አልኩት። ስፔሻሉ 39 ፍራንክ ነው። ሜኑው ሦስተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አልደበቀውም። ችግሩ ሦስተኛ ገጽ አለመድረሳችን ነው።

የሎዛኑ ወንድማችን "አልኮል አለበት?" ብሎ ጠየቀ። አስተናጋጁ "አዎ፣ ግን ሲፈላ ይተናል" አለው። ይሄ ሁሉም ቦታ የምትሰሙት መልስ ነው፣ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። አልኮል በማብሰል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ኪርሹ ደግሞ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ለማይጠጣ ሰው ወይም ልጅ ይዞ ለሚሄድ ይቺን ልብ በሉ። ፍሪቡርግ አካባቢ በቫሽራን ቺዝ ብቻ የሚሠራ ፎንዱ አለ፣ እሱ የሚቀልጠው በወይን ሳይሆን በውሃ ነው። አንዳንድ ቤት ከጠየቃችሁ ይሠሩላችኋል። እኔ ያን ማታ ትዝ አላለኝም። ወንድማችን ሮሽቲ አዘዘ፣ የተፈቀፈቀ ድንች ጥብስ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ፎንዱ የምንበላው አሁን ሦስት ነን።

ድስቱ ሳይመጣ በእንጨት ገበታ ላይ በስሱ የተቆራረጠ ሥጋ መጣ። አላዘዝንም። አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ አስቀምጦ ሄደ። የአዲስ አበባዋ "እንዴት ያሉ ደጎች ናቸው!" አለች። የቤቱ ግብዣ መስሎን ነበር። ሥጋው አብዛኛው የአሳማ ነው። ከአራታችን አንድም የሚነካው የለም። ሦስታችን በኦርቶዶክስነታችን፣ እሱ በእስልምናው፣ ለአንድ ጊዜ ፍጹም ተስማማን። ጎን ላይ የነበረችውን የኮምጣጤ ኪያርና ትንንሽ ሽንኩርት ብቻ ለቀም ለቀም አደረግን። 34 ፍራንክ።

ዳቦው አለቀ። "ጨምርልን" አልን፣ ጨመረ። እንደገና አለቀ፣ ጨመረ። ዳቦ የሌለው ፎንዱ ምን ማለት ነው? እንጀራ የሌለው ወጥ ማለት ነው። ብዙ ቤት ዳቦው ከዋጋው ውስጥ ነው። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ቅርጫት በኋላ እያንዳንዱ 6 ፍራንክ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ትወና ልምጣ። የሚላኗ ዳቦዋን ድስቱ ውስጥ ጣለች። አስተናጋጁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጠረጴዛችን ላይ ዱብ አለ፣ አጨበጨበ። "በኛ ባህል ዳቦ የጣለ አንድ ጠርሙስ ይቀጣል! ከጥንት የመጣ ነው!" እኛ ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ሁለተኛ ጠርሙስ ወይን ተከፈተ። 58 ፍራንክ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው።

ጨዋታው መኖሩ እውነት ነው። የሀገሩ ሰዎችም ይጫወቱታል። ግን በጓደኛሞች መካከል ነው፣ ቅጣቱን የሚጥሉት እነሱው ናቸው፣ አስተናጋጅ ዳኛ ሆኖ አይገባም። "ከጥንት" የሚለውንም ብዙ አትመኑት። ፎንዱን የመላው ስዊዘርላንድ ምግብ ያደረገው በአብዛኛው 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተደረገ የማስታወቂያ ዘመቻ ነው። ከ1914 እስከ 1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቆየ የቺዝ ኅብረት ነበር፤ ምርቱን ለመሸጥ ፎንዱን በየቤቱ ያስገባው እሱ ነው። ጥሩ ነጋዴዎች ናቸው፣ የኛም አስተናጋጅ የነሱ ልጅ ነው።

ቺዙ ራሱስ? አይጣፍጥም ማለት ይከብደኛል፣ ትኩስ ቺዝ ምን ጊዜም ይጣፍጣል። ግን "ግማሽ በግማሽ" የሚባለው፣ ግሩየርና ቫሽራን እኩል የሚገቡበት፣ ሐር የመሰለ ነው። የኛው ዱቄት ዱቄት ይል ነበር። ትንሽ የበቆሎ ስታርች ቺዝና ወይኑ እንዳይለያዩ ይገባል፣ ይሄ ያለ ነው። ሲበዛ ግን ገንፎ ይሆናል። የሚላኗ ፎርማጆ የምታውቅ ስለሆነች በመጀመሪያው ጉርሻ ፊቷን አጨማደደች፣ ለእንግዳዋ ብላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እንግዳዋም ለኛ ብላ "ግሩም ነው" አለች።

ከዚያ ሂሳብ መጣ። ይህን ክፍል ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አስተናጋጁ ወረቀቱን ሳያስቀምጥ ሦስት እጅ ተዘረጋ። "እኔ ነኝ የጋበዝኳችሁ!" "ሙች ብዬሻለሁ!" "በእናትሽ ተይኝ!" የሎዛኑ ወንድማችን በተቀመጠበት ካርዱን ወደ አስተናጋጁ ኪስ ሊከት ሞከረ። እኔ ወረቀቱን ስይዝ የሚላኗ እጄን ያዘች። በመጨረሻ በጉልበት አሸነፈችን፣ ወረቀቱን አጥፋ ኮቷ ኪስ ከተተችና ካርዷን ሰጠች። አሁን ልጠይቃችሁ፣ በዚህ ሁሉ ትግል መሃል ወረቀቱን ያነበበ ማነው? አንድም ሰው።

ማሽኑ ደግሞ የራሱን ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። አንደኛው ቲፕ ነው። 5፣ 10፣ 15 በመቶ። "ዜሮ" የሚለው ከታች በደቃቁ ነው። የሚላኗ መሃለኛውን ነካች፣ 38 ፍራንክ ከ60 ተጨመረ። ሁለተኛው "በዩሮ ነው በፍራንክ?" የሚል ነው። የጣሊያን ካርድ ስለሆነ የለመደችውን ዩሮ ነካች።

ማታውኑ ደስ ብሎን ተለያየን። በማግስቱ ሰኞ፣ ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ የደረሰኙ ፎቶ በስልክ መጣልኝ። ከሥሩ "አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ይላል።

ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ፎንዱ 156፣ ሮሽቲ 24፣ ዳቦ 12፣ ወይን 116፣ ውሃ 22፣ ያልተነካው ሥጋ 34፣ ሻይ 22። ድምር 386። ከነቲፑ 424 ከ60። እኔ በሩ ላይ ሰሌዳውን ሳይ በሆዴ የገመትኩት ለሦስት ፎንዱ፣ ለሮሽቲው፣ ለአንድ ጠርሙስና ለሻይ 182 ፍራንክ ነበር። አሁን 156ን ለ39 አካፍሉት። አራት። ፎንዱ የበላነው ሦስት ነን! ሮሽቲ የበላው ወንድማችን ፎንዱም ተቆጥሮበታል።

ቲፑን በተመለከተ፣ እዚህ ለቆያችሁ አዲስ አይሆንባችሁም። በስዊዘርላንድ ምግብ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ ዋጋው ውስጥ ነው። ቀረጡም እንደዚያው፣ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ሁሉንም ያካተተ መሆን አለበት። በአገልግሎቱ የተደሰተ ሰው ሂሳቡን ወደ ላይ ይሞላል፣ ጥቂት ፍራንክ ይተዋል፣ ይበቃል። የማሽኑ በመቶኛ አዲስ አመል ነው፣ ግዴታ የለበትም። ከአሜሪካ የምትመጡ በተለይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ዩሮው ደግሞ ከሁሉ የማይታየው ቀዳዳ ነው። ማሽኑ "በራስህ ገንዘብ ክፈል" ሲል ውለታ የዋለላችሁ ይመስላል። ምንዛሪውን ግን የሚተምነው ባንካችሁ አይደለም፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለው ድርጅት ነው፣ ትርፉንም እዚያው ቆርጦ ይይዛል። የሚላኗ ባንክ በዚያ ቀን ከሚያስበው ጋር ስናስተያየው 17 ዩሮ ገደማ ልዩነት አገኘን። በፍራንክ አገር ፍራንክ ንኩ። ዱባይም ብትሆኑ ድርሃም፣ ለንደንም ብትሆኑ ፓውንድ።

ሐሙስ ዕለት ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው በትህትና ነው ያስተናገደኝ፣ ይሄን አልክድም። አራተኛውን ፎንዱ ሲያይ "ስህተት ነው" ብሎ 39 ፍራንክ በጥሬው መለሰልኝ። ሥጋውን ሳነሳበት "ቀምሳችኋል" አለ። ኪያሩን ማለቱ ነው። ወይኑን ሳነሳ "ጠጥታችኋል" አለ። እዚህ ላይ አፌ ተያዘ፣ ጠጥተናላ። ስፔሻሉን ሳነሳ ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ አሳየኝ።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሌቦች ቢሆኑ ይቀል ነበር። ከአራተኛው ፎንዱ በቀር ሁሉም አንድ ቦታ ተጽፏል ወይም በኛው እጅ ተነክቷል። ቤቱ የሚነግደው በቺዙ አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው በጓደኞቹ ፊት ዋጋ ለመጠየቅ በማፈሩ ነው። እኛ ደግሞ በማፈር ማን ያህለናል?

ስለዚህ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ቦታ ስይዝ በስልክ እጠይቃለሁ፣ እዚያ የሚያፍር የለም። የ26ቱ ፎንዱ ማታም አለ ወይ፣ ዳቦው ስንት ጊዜ ይመጣል፣ ከሁለት ሰው በታች ይሠራል ወይ እላለሁ። ብዙ ቤት "ቢያንስ ለሁለት ሰው" የሚል ደንብ አለውና አንዱ ብቻ ፎንዱ ቢያምረው ችግር ነው። ያላዘዝኩት ሳህን ሲመጣ ሳልነካ "ይሄ የማን ነው?" እላለሁ። ኪያሯንም አልነካም። ሊጋብዝ የፈለገ ሰው ደግሞ መታገል የለበትም፣ "መታጠቢያ ቤት ደርሼ መጣሁ" ብሎ ተነስቶ ባንኮኒው ጋ ወረቀቱን አንብቦ ይከፍላል። ሂሳቡም ይታያል፣ ጸቡም ይቀራል።

ከተማ ውስጥ ደህና ፎንዱ የለም እያልኩ አይደለም። ፓኪ በሚባለው ሰፈር ሐይቁ ላይ ያለው የሕዝብ መዋኛና መታጠቢያ በብርዱ ወራት በአረፋማ ወይን የሚሠራው ፎንዱ ስሙ የታወቀ ነው። ወንበሩ እንጨት፣ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ፣ ቃጭልም የለ፣ ጨብጫቢም የለ። እንግዳዬን እዚያ መውሰድ ነበረብኝ። "ደህና ቦታ ልውሰዳት" ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ቤት መሥራቱም ከባድ አይደለም። በታኅሣሥ ሠርቼ አውቃለሁ። ቺዝ መሸጫው ጋ "ግማሽ በግማሽ ለአራት ሰው" ብትሉ 800 ግራም ፈቅፍቀው ቀላቅለው ይሰጧችኋል። እኔ 22 ፍራንክ ነው የከፈልኩት። እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ቫሽራኑ መፍላት አይወድም። ድስቱ ሥር የምትቀረውን የተጠበሰች ቅርፊት እንዳትጥሏት። እዚህ "መነኩሲት" ይሏታል፣ ከሁሉ የምትጣፍጠው እሷ ናት። እኛ ቤት ለእሷም "አንቺ ብዪ፣ አንቺ ብዪ" ስንባባል ቀዝቅዛ ደርቃለች።

39 ፍራንኩን ለሚላኗ ልልክላት ብል "ያንቺ ነው፣ አንቺ ነሽ ሄደሽ የተከራከርሽው" ብላ እምቢ አለች። ለሎዛኑ ወንድማችን ልስጠው ብል፣ በሱ ስም ነው የተቆጠረው ብዬ፣ "እኔ ፎንዱ አልበላሁ፣ ምን አገባኝ" አለ። ገንዘቡ እስካሁን ኩሽናዬ ውስጥ፣ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል።