ለአልማ ተመራማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ፦ በጽሑፍ ወይስ በአካል?

በቺሊ አታካማ በረሃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 5000 ሜትር ገደማ ላይ 66 አንቴናዎችን የያዘውን አልማ የተባለውን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚጠቀም ሳይንቲስት ወደ ስፍራው አይሄድም፤ ምልከታውን የጣቢያው ባለሙያዎች ያከናውኑለትና መረጃው በኢንተርኔት ይደርሰዋል። እገዛ ሲፈልግ ሁለት መንገዶች አሉት።

አንደኛው ጥያቄውን በጽሑፍ ለእገዛ ክፍሉ መላክ ነው። ስለ ምልከታ ማመልከቻ ደንብ ወይም ስለ ቀነ ገደብ ለሚነሣ አጭር ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው ወደ ድጋፍ ማዕከል በአካል መሄድ ሲሆን፣ በአውሮፓ በቦን፣ በቦሎኛ፣ በላይደንና በሌሎችም ከተሞች እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሉ። ጀማሪ ተመራማሪ በምስሉ ላይ ያየውን ሸንተረር እውነተኛ የጋዝ ደመና አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ባለሙያ ግን የአንዱን አንቴና ግራፍ ከፍቶ፣ ነጥቦቹ በድንገት የዘለሉበትን ደቂቃ በጣቱ ያሳየዋል፤ የዚያ ደቂቃ መረጃ ወጥቶ ምስሉ እንደገና ሲሠራም ሸንተረሩ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት በጽሑፍ ለመጠየቅ አስቀድሞ መጠርጠር ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ደግሞ የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነው።

መረጃው ለአመልካቹ ብቻ የሚጠበቅለት ጊዜ በአብዛኛው 12 ወር ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መረጃ የደረሰው ሰው የጉዞውን ወጪ ችሎ በአካል ቢሄድ እመርጣለሁ።