ቅጽ ማስሞላት ወይስ ፊት ለፊት መጠየቅ?

የጥርስ ሐኪም ታካሚው መጠጥ ወይም ዕፅ ይጠቀም እንደሆነ ማወቅ አለበት። ኮኬይን ወስዶ የመጣ ሰው አድሬናሊን ያለበት ማደንዘዣ ቢወጋ ልቡ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንዴት ይወቅ ታዲያ?

አንዱ መንገድ ቅጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት (AUDIT) የሚባል መጠይቅ የመጠጡን ነገር በ10 ጥያቄ ይለካል፤ አጭሩ ኦዲት-ሲ 3 ጥያቄ ብቻ ስላለው ተራ እየጠበቁ ይሞላል። ለብዙ ሰው ከመናገር ወረቀት ላይ ማስፈር ይቀለዋል። ችግሩ፣ ቅጹ ማንም ሳያየው ፋይል ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ፊት ለፊት መጠየቅ ጊዜ ይበላል፣ ሐኪሙም ያፍራል። ዋናው ግን አጠያየቁ ነው። «ይጠጣሉ እንዴ?» ሲሉት «ኧረ በፍጹም!» የሚል ሰው፣ «ሁሉንም ታካሚ ነው የምጠይቀው፣ ማደንዘዣውን ለመምረጥ ይረዳኛል» ከተባለ ዘና ብሎ ያወራል። አፉ ደርቆ ጥርሱ ተበላሽቶ ቢመጣ እንኳ ይጠየቅ እንጂ ዕፅ ተጠቃሚ ነው ተብሎ አይፈረድበት፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም እኮ አፍ ያደርቃል።

እኔን ብትጠይቁኝ ቅጹ ይቅደም፣ ወሬው ይከተል። እርዳታ ካስፈለገ ደግሞ «ሄደው ይታከሙ» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ታካሚው እሺ ካለ እዚያው ደውሎ የሱስ ሕክምና ቀጠሮ ማስያዝ ይሻላል።